ትልቅ የኮራል አኳሪየም ቤት ውስጥ ስትተክሉ፦ ከባዶ መስታወት እስከ መጀመሪያው ኮራል

ደጋግሜ የምሰማው ታሪክ አንድ ነው። ሰውየው ወራት ለፍቶ አኳሪየሙን ተክሏል፣ ውሃው ጠርቷል፣ ኮራሎቹ ተከፍተዋል። አንድ ጠዋት ሲነሳ ውሃው ወተት መስሎ፣ ዓሦቹ ላይ ላይ ተንሳፍፈው ያገኛቸዋል። «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ብዙ ጊዜ እሱ ያጠፋው ነገር የለም። ሌሊት አንድ ዕቃ ተበላሽቶበታል፣ ከጀርባው ደግሞ የሚተካው ሌላ አልነበረም።

ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ከማለታችሁ በፊት «ሲበላሽ እንዴት ነው የሚበላሸው?» በሉ። የማይበላሽ ዕቃ የለም። ግን ተበላሽቶ ዝም የሚል አለ፣ ተበላሽቶ ሁሉን ይዞ የሚሄድ አለ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚዞረው።

ለምሳሌነት 150 በ60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ አኳሪየም እይዛለሁ። ሙሉው 540 ሊትር ይይዛል። ድንጋይና አሸዋ ገብቶ፣ ከላይም ትንሽ ጎደል ሲል 450 ሊትር ግድም ውሃ ይቀራል። የእናንተ ከዚህ ቢያንስም ቢበልጥም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

1. ቦታውንና ክብደቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ሳምፑ (ከስር የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ) እና መቆሚያው ሲደመር ከ800 ኪሎ ያልፋል። ምድር ቤት ኮንክሪት ላይ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ሸክም ከሚሸከም ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ አስቀምጡት፣ ወለሉ የእንጨት ከሆነ ደግሞ ተሸካሚ እንጨቶቹን አቋርጦ እንዲያርፍ አድርጉ። የሕንፃ ባለሙያም ሳያየው አትሙሉት።

ከጀርባው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ክፍት ተዉ። ቧንቧና ገመድ የሚያልፈው እዚያ ነው፤ አንድ ቀን እጃችሁን ማስገባታችሁም አይቀርም። ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አታድርጉት።

መቆሚያውን በውሃ ልክ በአራቱም አቅጣጫ ለኩ። ከተዛባ ማስተካከያውን ከመቆሚያው እግር ስር አድርጉ፤ በአኳሪየሙና በመቆሚያው መካከል ቁራጭ እንጨት አትወትፉ። መስታወቱ አንድ ነጥብ ላይ ከተጫነ ይሰነጠቃል። ፍሬም የሌለው አኳሪየም ከስሩ ስስ ፎም ይፈልጋል። ከታች የፕላስቲክ ፍሬም ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎም አይደረግለትም፣ ምክንያቱም ክብደቱን የሚያሳርፈው በጠርዙ ነው። አምራቹ የጻፈውን አንብቡና እሱን ተከተሉ።

2. ዕቃ መምረጥ

ገንዘብ የሚባክነውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሳትቸኩሉ አንብቡ።

*ማሞቂያ።* ከሁሉ በላይ የምፈራው ዕቃ ይህ ነው። ማሞቂያ ሲበላሽ ሁለት መንገድ አለው፦ ጭራሽ አይሠራም፣ ወይም ሳይጠፋ ይቀራል። ሁለተኛው ነው ገዳዩ። እኔ አንድ ትልቅ ማሞቂያ ብቻ ተማምኜ ነበር። አንድ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 32 ዲግሪ አሳየኝ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ኮራሎች ሥጋቸው እንደ እርጥብ ወረቀት እየተላጠ ነጭ አጥንታቸው ቀርቷል። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

እንዲህ አድርጉ፦ በአንድ ባለ 400 ዋት ፈንታ ሁለት ባለ 200 ዋት ግዙ። አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ብቻውን ውሃውን ቶሎ አይቀቅለውም፤ አንዱ ቢሞት ደግሞ ሌላው ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። ሁለቱንም በውጭ የሙቀት መቆጣጠሪያ በኩል ሰኩ። መቆጣጠሪያውን 25.5 ላይ፣ የማሞቂያዎቹን የራሳቸውን ማስተካከያ ደግሞ 26.5 ላይ አድርጉ። መቆጣጠሪያው ካበደ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል፣ ማሞቂያው ካበደ መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል።

*መውረጃና መመለሻ።* ሳምፕ የሚባለው ከስር ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ ነው። መጠኑ ከዋናው ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ውሃ በራሱ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ በፓምፕ ይመለሳል። አንድ መውረጃ ቱቦ ብቻ ያለው አኳሪየም አትግዙ። አንድ ቀንድ አውጣ ገብታ ብትዘጋው ፓምፑ የሳምፑን ውሃ እየቀዳ ሳሎን ላይ ያፈስሰዋል። የሚሻለው ሦስት ቱቦ ያለው ነው፦ አንዱ ሙሉ ውሃ የሚያወርድ፣ ፍሰቱ በጌት ቫልቭ የሚስተካከል፤ አንዱ ትንሽ ውሃ ብቻ የሚያንጠባጥብ፤ አንዱ ደግሞ ለክፉ ቀን ባዶውን የሚጠብቅ። ሦስተኛውን ለምንም ነገር አትጠቀሙበት።

የመመለሻ ፓምፕ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳይሸውዳችሁ። እሱ ውሃ ወደ ላይ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ከሳምፑ እስከ አኳሪየሙ አፍ ያለውን ከፍታ ለኩ፣ ከዚያ አምራቹ በሚያወጣው ሰንጠረዥ ላይ በዚያ ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚገፋ እዩ። በሰዓት የአኳሪየሙን መጠን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ካዞረ ይበቃል። ሌላ ተመሳሳይ ፓምፕ ገዝታችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ፓምፕ የሚሞተው ሱቅ በተዘጋበት ቀን ነው።

*የሞገድ ፓምፕ።* ለኮራል የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ የሚመጣው ከመመለሻው ሳይሆን ከእነዚህ ነው። ሁለት ግዙ፣ በተቃራኒ ጎን ስቀሉ። ድምራቸው በሰዓት ከ10,000 እስከ 20,000 ሊትር ይሁን። ቮርቴክ የሚባሉት ሞተራቸው ከመስታወቱ ውጭ ስለሆነ ብዙ ሙቀት ወደ ውሃው አያስገቡም፣ መጠባበቂያ ባትሪም ይቀበላሉ። ውድ ናቸው፤ ግን መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት አንዱ እንኳ ባትሪ ላይ ቢሆን ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

*አውቶማቲክ ውሃ መሙያ።* በየቀኑ ጥቂት ሊትር ይተናል። የሚተነው ውሃው ነው እንጂ ጨው አይተንም። ስለዚህ የሚጨመረው ሁልጊዜ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ይህ መሣሪያ ሲበላሽ ሳያቋርጥ ይሞላል፣ ጨዋማነቱ ይወርዳል፣ ሳምፑም ይገነፍላል። ሁለት ዓይነት ዳሳሽ ያለው ምረጡ። የቱንዜ ኦስሞሌተር ለምሳሌ ዋናው ዳሳሹ በብርሃን የሚሠራ ነው፣ ከላይ ደግሞ ተንሳፋፊ መጠባበቂያ አለው። የንጹሕ ውሃ ጋኑን ከመጠን በላይ ትልቅ አታድርጉ። 20 ሊትር በሙሉ ቢገባ ጨዋማነቱ ትንሽ ይወርዳል እንጂ አይገድልም። 200 ሊትር ቢሆን ግን ያበቃለታል።

*ስኪመር።* ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ነው። ከአኳሪየማችሁ አንድ ተኩል እጥፍ ለሚሆን መጠን የተሠራውን ያዙ። አምራቹ የሚጠይቀውን የውሃ ጥልቀት ሳምፑ ውስጥ ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ አትግዙ። የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ አረፋው ሊያብድ ይችላል፤ እስኪለምድ ነው፣ አትመልሱት።

*መብራት።* የዋት ቁጥር ብዙ አይነግራችሁም። ለኮራል የሚለካው ፓር የሚባለው፣ ማለትም ለፎቶሲንተሲስ የሚያገለግለው የብርሃን መጠን ነው። ለለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ትልልቅ ሥጋ ላላቸው ድንጋያማ ኮራሎች እስከ 200 ግድም፣ ቅርንጫፍ ላላቸው ከ200 እስከ 350 ይበቃል። 150 ሳንቲሜትር ርዝመት በአንድ መብራት አይሸፈንም፤ ሁለት ወይም ሦስት አስቡ።

*የውሃ ማጣሪያ።* የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። ክሎሪን፣ ፎስፌትና መዳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አር.ኦ. ዲ.አይ. የሚባለውን፣ በሜምብሬንና በሬዚን የሚያጣራ ማጣሪያ ግዙ፣ መጨረሻው ላይ ያለው የቲ.ዲ.ኤስ. መለኪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው) 0 ማሳየት አለበት። ቁጥሩ መነሳት ሲጀምር ሬዚኑን ቀይሩ።

*ኤሌክትሪክ።* ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው የሚዘጋ ብሬከር ግዴታ ነው፤ ይህ ለዓሣው ሳይሆን ለእናንተ ሕይወት ነው። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚሮጥ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይደርስ ታች ይንጠባጠባል። ዕቃውንም ለሁለት ብሬከር ክፈሉት፦ አንዱ ላይ መመለሻው ፓምፕና አንድ ማሞቂያ፣ ሌላው ላይ የሞገድ ፓምፖቹና ሁለተኛው ማሞቂያ። መቆጣጠሪያውም እንግዲህ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ የራሱ ይሁን።

3. ቧንቧውን ግጠሙ፣ በንጹሕ ውሃ ፈትኑ

ጨው ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላ ይጸጸታል።

ፓምፑ አጠገብ በእጅ የሚፈታ መጋጠሚያ አስገቡ። ያለ እሱ ፓምፑን ለማጽዳት ቱቦ መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው። ሙጫው የአምራቹ መመሪያ የሚለውን ያህል ይድረቅ። አኳሪየሙን ግማሽ ሙሉ፣ አቁሙ፣ በውሃ ልክ እንደገና ለኩ። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉና 48 ሰዓት ተዉት። በየመጋጠሚያው ስር ደረቅ የወረቀት ፎጣ አንጥፉ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ወረቀቱ ያሳያችኋል።

አሁን ዋናው ፈተና፦

ፓምፑን አስነሱ፣ ፍሰቱ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉት። መውረጃው እየተንጎራጎረ ውሃ ያወርዳል፣ ሳምፑ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ሳምፑ ስንት ላይ ቆመ? ከአፉ ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር ካልቀረው የሚሠራበትን ውሃ ቀንሱና ድገሙ። ሲስተካከል ፓምፑን አስነስታችሁ በሚሠራበት ጊዜ ያለውን የውሃ ልክ በማይለቅ ማርከር መስታወቱ ላይ አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ በፍጹም አትሙሉ።

ሳምፑ ከገነፈለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻው አፍ በጣም ጥልቅ መሆኑ ነው። ፓምፑ ሲቆም ያ አፍ ውሃውን ወደ ኋላ ይስበዋል። አፉን ወደ ውሃው ገጽ አቅርቡት። የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ላይ አትታመኑ፤ ጨውና ቀንድ አውጣ አንድ ቀን ክፍት ያስቀሩታል።

ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ንቀሉ፣ ሦስት ጊዜ መልሱ። ያለ እናንተ እርዳታ በራሱ መነሳት አለበት።

4. ድንጋይ ይቅደም፣ አሸዋ ይከተል

ውሃውን አውጡ። ድንጋዩን በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ ደርድሩ። አሸዋ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ከስሩ የሚቆፍር ዓሣ ሲመጣ ድንጋዩ ይወድቅና መስታወት ይሰብራል። ለ450 ሊትር 45 ኪሎ ግድም ይበቃል፤ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ከመስታወቱ በየአቅጣጫው ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር አርቁት፣ የማጽጃው ማግኔት ማለፍ አለበት። ለኮራል አኳሪየም በሚሆን ሲሚንቶና ሙጫ አያይዙት። ስትጨርሱ በእጃችሁ ግፉት። ከተነቃነቀ አልጨረሳችሁም።

ከዚያ በደንብ የታጠበ አራጎናይት አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አልብሱ።

5. ጨዋማ ውሃ

ሁልጊዜ ጨውን ወደ ውሃ ጨምሩ፣ ውሃን ወደ ጨው አታፍስሱ። ያለበለዚያ ካልሲየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ተለውጦ ይዘቅጣል። ለአንድ ሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ግድም ያስፈልጋል፣ ለ450 ሊትር 17 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። እንስሳ ገና ስለሌለ ለመጀመሪያው ጊዜ አኳሪየሙ ውስጥ መቀላቀል ይቻላል። ፓምፖቹን አስነሱ፣ እስከ 25 ዲግሪ አሙቁ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ለኩ። ግባችሁ ጨዋማነት 35 በሺህ ነው፣ በጥግግት 1.026 ግድም።

ጨዋማነት የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር በተራ ውሃ ብቻ አታስተካክሉ። 35 ላይ የተዘጋጀ የመለኪያ ፈሳሽ ገዝታችሁ በእሱ አስተካክሉ። ዜሮ ላይ ትክክል ሆኖ 35 ላይ የሚዋሽ መሣሪያ አለ።

ጨው ከበዛ የተወሰነ ውሃ አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ ተኩ። ካነሰ በሌላ ዕቃ ያሟሟችሁትን ጨው ጨምሩ።

6. ባክቴሪያ ማልማት

የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩን እስኪሞሉ ድረስ ዓሣ አይገባም።

መብራቱን አጥፉ። የጠርሙስ ባክቴሪያ ጨምሩ። ንጹሕ አሞኒያ እስከ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት ክፍል) አድርሱ። ጠርሙሱን ስትንጡት አረፋ ከያዘ ሳሙና አለበት፣ አትጠቀሙበት። በየሁለት ቀኑ ለኩ። 2 ፒፒኤም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሲገባ ተዘጋጅቷል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

አሞኒያው አልወርድ ካለ ሌላ አሞኒያ አትጨምሩ። ከ5 ፒፒኤም በላይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ያደክማል፤ ግማሽ ውሃ ቀይሩ፣ ሙቀቱ ከ25 አለመውረዱን እዩ፣ ባክቴሪያ ጨምሩና ጠብቁ። ስትጨርሱ ናይትሬቱ ከ10 ፒፒኤም በታች እንዲሆን ውሃ ቀይሩ።

7. አስቀያሚው ጊዜ

የመጀመሪያዎቹ ወራት አኳሪየሙ ያስጠላል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያፈርሰው እዚህ ላይ ነው፣ እባካችሁ ታገሡ።

ቡናማ አቧራ የመሰለ ዲያቶም ነው፤ በራሱ ይሄዳል። ቀይ ልጣጭ የሚመስል ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በቱቦ ምጠጡት፣ ምግብ ቀንሱ፣ ሞገድ ጨምሩ። አረንጓዴ ፀጉር በእጅ ይነቀላል፣ ቀሪውን ቀንድ አውጣዎች ይጨርሱታል። የአየር አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ ካያችሁ ግን ጥርጣሬዬ ዲኖፍላጀሌት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ማጽዳት ሳይሆን መመገብ ነው የሚያስፈልገው። ናይትሬትን ከ2 እስከ 10 ፒፒኤም፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም ያዙ። ዜሮን አትመኙ።

8. ዓሣ፦ መጀመሪያ ለብቻ

ማንኛውም ዓሣ በቀጥታ ወደ ዋናው አይግባ። 80 ሊትር የምትሆን ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ ስፖንጅ ፊልተርና መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ቢያንስ 30 ቀን አቆዩት። የነጭ ነጥብ በሽታ ዋናው ውስጥ ከገባ መውጫው አንድ ነው፦ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ማከምና አኳሪየሙን 76 ቀን ግድም ያለ ዓሣ መተው። ድንጋዩን አፍርሶ ዓሣ ማሳደድ እንዴት ያለ ስቃይ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

የመዳብ መድኃኒት ለይቶ ማቆያው ገንዳ ውስጥ ብቻ። ዋናው ውስጥ ከገባ ኮራሉን፣ ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ድንጋዩም ውስጥ ይቀራል።

ገር የሆኑት ይቅደሙ፣ ለምሳሌ ክላውንፊሽ። ቦታዬ ነው ብለው የሚማቱት ታንግ የሚባሉት ዓሦች መጨረሻ ይግቡ። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ዕረፍት።

9. የመጀመሪያው ኮራል

ለስላሳ ኮራል ጀምሩ። ቅርንጫፍ ያላቸውን ቢያንስ ስድስት ወር አቆዩአቸው። እያንዳንዱን በኮራል ማጠቢያ ፈሳሽ ነክሩ፣ የመጣበትን መሠረት ነቅላችሁ ጣሉ፤ የተባይ እንቁላል የሚደበቀው እዚያ ነው። መብራቱን ከ30 በመቶ አካባቢ ጀምራችሁ በአንድ ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ኮራሉ ከነጣ ብርሃኑ በዝቶበታል፣ ዝቅ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት የኮራል ዓይነቶች ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ አትቁረጧቸው። ያሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ። በእንፋሎቱ ሙሉ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ከነኩት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ ወይም አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከመጣ ክፍሉን ለቃችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ምን እንደነካችሁም ንገሩት።

10. አልካሊኒቲ

አልካሊኒቲ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም ነው፣ በዲኬኤች ይለካል። ድንጋያማ ኮራሎች ሲያድጉ አልካሊኒቲና ካልሲየም ይበላሉ። አልካሊኒቲን ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየምን ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየምን ከ1,250 እስከ 1,350 ፒፒኤም ያዙ። ከሁሉም ግን የማይዋዥቅ መሆኑ ይበልጣል። 7.5 ላይ የቆመ፣ ከ8 ወደ 10 ከሚዘል ይሻላል።

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አልካሊኒቲ ለኩ። ሰኞ 8.6፣ ሐሙስ 8.0 ከሆነ በቀን 0.2 እየተበላ ነው። መተካት ያለባችሁ ያን ያህል ነው። የአልካሊኒቲና የካልሲየም ፈሳሾችን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ፤ ተገናኝተው ይዘቅጣሉ። ወርዶ ካገኛችሁት በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንሡ። መጀመሪያ ደግሞ እንደገና ለኩ። የመለኪያ ስህተትን ለማስተካከል ሲባል የሞተ ኮራል ብዙ ነው።

11. ነገር ሲበላሽ

*መብራት ጠፋ።* ቀድሞ የሚያልቀው ሙቀቱ ሳይሆን ኦክስጅኑ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወዲያው አስነሱ። አትመግቡ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ አፉን ግን ክፍት ተዉት።

*ውሃው ነጭ ሆነ።* አሞኒያና አልካሊኒቲ ለኩ። አሞኒያ ካለ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ፣ የሞተውን ፈልጋችሁ አውጡ፣ አየር ጨምሩ። ለዚህ ሲባል የተቀላቀለ 100 ሊትር ጨዋማ ውሃ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

*ሙቀቱ 29 አለፈ።* ማሞቂያዎቹን ንቀሉ፣ ክዳኑን አንሡ፣ በውሃው ገጽ ላይ ቬንትሌተር አዙሩ። በረዶ በቀጥታ አትጨምሩ። ቀስ ብሎ ይውረድ።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሆን ብላችሁ አበላሹት። የውሃ መሙያውን ተንሳፋፊ በጣታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ፓምፑ መቆሙን እዩ። የመቆጣጠሪያውን ዳሳሽ ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ነክራችሁ ማሞቂያው መጥፋቱን አረጋግጡ። የብሬከሩን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ። የመመለሻውን ሶኬት ንቀሉና የሳምፑ ውሃ ከአፉ ሳይደርስ መቆሙን፣ መልሳችሁ ስትሰኩት ደግሞ በማርከር ወዳሰመራችሁት መስመር መመለሱን ቆማችሁ ተመልከቱ።